አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአገር ልጅ በዋናው ቡድን ቦታ እንዲያገኝ የደከሙ የስፖርት ሰው

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ለታሪክ ያቆዩ ሰው ነበሩ። ነጋድራስነት የነጋዴዎች አለቅነትና የቀረጥ ሹመት በመሆኑ ልጅየው በገበያና በመንገድ ወሬ መካከል፣ ከልዩ ልዩ አገር ሰው ጋር መዋልን በለመደ ቤት ውስጥ አድገዋል። ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ዝናቸው ግን ከአባታቸው ቅኔም ሆነ ከትምህርት ቤቱ አልመነጨም። ምንጩ በዘመኑ ብዙ ሽማግሌዎች የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገው ይመለከቱት የነበረው እግር ኳስ ነው።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የተደራጀ እግር ኳስ የሚጫወቱት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ሌሎችም በየማኅበረሰባቸው ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ ጫማና ማሊያ፣ ከቆዳ የተሠራ ኳስና የሚገናኙበት ክበብ አላቸው። የአገሩ ልጅ ዳር ቆሞ ይመለከታል፤ ኳስ ከሜዳ ሲወጣም ሮጦ ያመጣል። ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ የራሱን ኳስ ይሠራል። ኳስ የመውደድም የመጫወትም ችሎታ ነበረው። ያጣው የሚሰለፍበት ቡድን ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከሰሜንና ከደቡብ አገር እየወረረ ባለበት ወራት በአራዳ የሠፈር ልጆችን ሰብስበው ቡድኑን አቋቋሙ። ጊዜው ለኳስ የሚመች አልነበረም፤ ሆኖም የቡድኑን ባሕርይ የወሰነው ይኸው ጊዜ ነው። አቶ ይድነቃቸው የቡድኑን ማሊያ ሲለብሱ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ ታዳጊ፣ ተስፋና ዋና ቡድን እየተባለ በዕድሜ የሚደረደረው እርከን በዚያን ጊዜ አይታወቅም ነበር። ቡድኑ ራሱ ታዳጊ ነበርና ልጅየው ተራ ሳይጠብቁ በቀጥታ ከዋናው አሰላለፍ ገቡ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሦስት ዓመታት፣ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይለዩ በአጥቂነት ተጫውተዋል። በነዚህ ዓመታት በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን ማስቆጠራቸው ተመዝግቦ ይገኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ገበያ ከአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። የዛሬው መርካቶ፣ እርሱንም ከበው ያሉት የአዲስ ከተማና የአማኑኤል አካባቢ ሠፈሮች አሁን የሚታወቁበትን መልክ መያዝ የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። ገበያ የተለየበት ሐሳብ ኳስንም ለየ። ጥቁር ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠም ተከለከለ፤ የአገሬውን ስፖርት የሚቆጣጠር የተለየ ጽሕፈት ቤት ቆመ፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ስማቸውን ለውጠው የገዢውን ስም እንዲሸከሙ ተገደዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ።

የስም ለውጡ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመቱ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው፣ ከሌላው ጋር እኩል እንዳይጫወት የተከለከለ ልጅ ጉዳዩን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። አቶ ይድነቃቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአፍሪካና በዓለም ጉባኤዎች ስለ ዘር መድልዎ ሲከራከሩ ያሳዩት አለመለሳለስ ሥሩ ከዚህ ዘመን የሚመዘዝ ይመስላል። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቡድኑ ወዲያው ወደ ጥንት ስሙ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ቡድን ከፎርቲቱዶ ጋር ተጋጥሞ አሸነፈ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እነዚህ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሜዳ መቆም አይችሉም ነበርና የዚያን ቀን ተመልካች ወደ ቤቱ የተመለሰው ከኳስ ውጤት የበለጠ ነገር ይዞ ነው።

ድሉ ደስ ቢያሰኝም የአገሩን ተጫዋች ቦታ የሚያጸና ሥርዓት ገና አልነበረም። አቶ ይድነቃቸው ይህን የተረዱት ራሳቸው ተጫዋች ሆነው ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ወጣት የነበሩት እርሳቸው ይገኙበታል። ቀን በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ማታ ልምምድ የሚወርድ፣ በጨዋታ ቀን ደግሞ ግብ የሚያስቆጥር ሰው ማግኘት ዛሬ ያስቸግራል። አንድ ሰው ተጫዋችም አስተዳዳሪም ሲሆን የጥቅም ግጭት እንደሚነሣ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱንም የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1944 የተካሄደው የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር የነበረውን ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ በኢትዮጵያ የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያን የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። በኢትዮጵያ ዋና ከተማ፣ በኢትዮጵያ ሻምፒዮና፣ ኢትዮጵያዊ ከአምስት ቡድን በአንዱ ብቻ መሰለፍ የሚችልበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ስለ አገር ልጆች ዕድል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አሠልጣኙ ወጣቱን ከተቀያሪዎች ወንበር ማስነሣቱ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ግን ጥያቄው ከዚህ በፊት ያለውን ደረጃ የሚመለከት ነበር፤ አስቀድሞ ወንበሩ ራሱ መሠራት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ለውጥ ፈጣን ነው። የጦር ሠራዊቱ፣ ፋብሪካዎችና ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። መቻል ተነሣ፤ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ በኋላም ከአሥመራ ሐማሴን ወደ ውድድሩ ገቡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ በ1942 ዓ.ም. ሲያነሣ የማኅበረሰብ ክበቦቹ ዘመን እያለፈ ነበር። ከየሠፈሩ የሚመጣው ልጅ አሁን የሚያንኳኳው በር ከአንድ በላይ ሆነለት። በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ በአዲስ አበባ ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ ቡድን ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ አቶ ይድነቃቸው በተጫዋችነት ተሰልፈዋል። በብሔራዊ ቡድኑ በድምሩ 15 ጊዜ መሰለፋቸው ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራች አገሮቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያን የወከሉት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም ደቡብ አፍሪካን መግጠም የነበረባት በመሆኑ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ለብዙዎች ይህ የሽንፈት ትዝታ ነው። ለአቶ ይድነቃቸው ግን ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ታይቷል፤ አንደኛው፣ ለአገሩ ልጅ በዘሩ ምክንያት ማሊያ የሚነፍግ ማኅበር ከአፍሪካ ቤተሰብ መውጣት እንዳለበት፤ ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ቡድን ገና ብዙ መማር እንደሚቀረው።

የመማሩ ፍሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ታየ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። የመረጧቸው ተጫዋቾች በአገር ውስጥ ሜዳ ያደጉ ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ቡድኖች የተውጣጡ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ ትውልዱ አሥመራ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ ነበር፤ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ወጣት ነው። አቶ ይድነቃቸው ጫማቸውን ከሰቀሉ ገና አራት ዓመታቸው ነበርና በራሳቸው ክለብ፣ በራሳቸው የአጥቂ መስመር የመጣውን ልጅ በቅርብ ያውቁታል። ለታላቅ ውድድር ልምድ ያለው ሰው ይሻላል የሚለው ክርክር በዚያን ጊዜም አልጠፋም ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። አሠልጣኙ ግን ወጣቱን አሰለፉት።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ነበር። ከተማዋ ገና ከበዓሉ አልወጣችም፤ ታቦቱን ሸኝቶ የተመለሰው ሕዝብ ወደ ስታዲየም ጎረፈ። ተጋጣሚዋ ግብፅ፣ ያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የምትጫወተው፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለቱንም ግብ ያስቆጠረው ባደዊ ነው። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ግብፅ ደግማ ስትመራ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሉቺያኖ ቫሳሎ መልሶ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ወጣቱ በውድድሩ ሦስት ግቦችን አስቆጥሮ ከግብፁ ባደዊ ጋር በከፍተኛ ግብ አግቢነት እኩል ሆኖ ፈጸመ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው ያን አንድ ጊዜ ነው። የኋላው ትውልድ ይህን ድል ሲያስታውስ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በግቦቹ ላይ ነው። የቡድኑን አሠራር ማስተዋልም ይገባል። ተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ በአገር ውስጥ ሻምፒዮና እርስ በርስ የሚጋጠሙ፣ የአንዳቸውን ጠባይ ሌላው የሚያውቅ ነበሩ። አሠልጣኙ በየሜዳው ሲጫወቱ አይቷቸዋል፤ ከአንዳንዶቹም ጋር ራሱ ተጫውቷል። መንግሥቱ ወርቁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸንቶ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በድምሩ 10 ግቦችን አስቆጥሯል፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ወደ 1982ቱ የሊቢያ አፍሪካ ዋንጫ አድርሷታል። ለአንድ ወጣት የተሰጠ ቦታ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ ውድድር እስክትመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል።

አቶ ይድነቃቸው ከሜዳ ከራቁ በኋላ ሥራቸው በአህጉር ደረጃ ሰፋ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር እንድትወገድ ለዓመታት ተከራክረዋል፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ታግዳ፣ እገዳው ተነሥቶ፣ በ1964 እንደገና ታግዳ፣ በመጨረሻም በ1976 በሞንትሪያል ጉባኤ ተባረረች። እ.ኤ.አ. በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአህጉሩ አንድ ሙሉ ቦታ ስላልተሰጠው የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ሲወጡ ኮንፌዴሬሽኑን ይመሩ ከነበሩት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አፍሪካም ከ1970 ጀምሮ የራሷን ቦታ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በፕሬዚዳንትነቱ እስከ ሕልፈታቸው ቆይተዋል።

ከአገር ልጅ ዕድል ጋር በቅርብ የሚያያዘውና እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮንፌዴሬሽኑ በአፍሪካ ዋንጫ እያንዳንዱ ቡድን ከአህጉር ውጭ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ወደ አውሮፓ ክለቦች የሄዱት ጥቂቶች በውድድሩ ሰሞን መጥተው ቦታውን ከያዙት በአገር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ተጫዋች መታያ ያጣል፤ የአገር ውስጥ ክለብም ተጫዋች አሳድጎ መሸኛ ብቻ ይሆናል። አቶ ይድነቃቸው ይህን አቋም ከሚደግፉት ግንባር ቀደም ነበሩ። ስፖርት የንግድ ዕቃ መሆኑን አይወዱም ነበር፤ የአፍሪካ ወጣት ገና በአፍላ ዕድሜው በገንዘብ ተወስዶ በባዕድ ሜዳ መጠቀሚያ እንዳይሆን ደጋግመው ያስጠነቅቁ ነበር።

የተቃዋሚዎቹም ነጥብ ቀላል አልነበረም። ተጫዋቹ የተሻለ ኑሮና የተሻለ ሥልጠና ፍለጋ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ ሄዶ ስለተሻሻለ ደግሞ የአገሩን ማሊያ መከልከሉ ቅጣት ይመስላል። ስደተኛው ልጅ የአገር ልጅ አይደለምን ለሚለው ጥያቄ ደንቡ በቂ መልስ አልነበረውም። ጊዜውም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደንቡ ተነሣ። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አቶ ይድነቃቸው ነበሩና ለብዙ ዓመታት የተሟገቱለት አጥር በዘመነ ሥልጣናቸው ሲፈርስ ማየት ግድ ሆነባቸው። የሰጉለት ነገር ግን ከደንቡ ጋር አልጠፋም። የአፍሪካ አገሮች ዛሬም ድረስ፣ ሁሉን ከውጭ የሚያመጣ ቡድንና ሁሉን ከቤት የሚያሳድግ ቡድን በየትኛው መካከል መቆም እንዳለበት ይከራከራሉ።

አጥር ከማጠር ይልቅ በር ከመክፈት የመጣው ሥራቸው የተሻለ ዕድሜ አግኝቷል። በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ። ከዚያ በፊት አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ተጫዋች ከአገሩ ውጭ ለመታየት ያለው መንገድ የአዋቂዎቹን ቡድን ሰብሮ መግባት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል የሚፈተንበት አህጉራዊ ውድድር አገኘ። በአሥራ አራት ዓመታቸው ያለ ምንም መሰላል በቀጥታ ከዋናው ቡድን የገቡት ሰው ለሌሎቹ መሰላል ሲያቆሙ ማየት ደስ ያሰኛል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በካንሰር በሽታ ታመው ሳሉም ከሥራቸው አልተለዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። በእንቁጣጣሽ የተወለደ ሰው በቡሄ መሞቱ በከተማዋ የነበሩ የስፖርት ወዳጆችን በበዓል ቀን ሐዘን ላይ ጣላቸው። የኮንፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት በተከታዩ ዓመት ካሜሩናዊው ኢሳ ሐያቱ ተረከቡት።

እርሳቸው ካረፉ ከአራት ወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1980 ዓ.ም.፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ጨዋታው የተደረገው አቶ ይድነቃቸው ከሃያ ስድስት ዓመት ገደማ በፊት ቡድናቸውን ለአፍሪካ ዋንጫ ባበቁባት በዚያችው ከተማ ነው።